«ሚስተር ባንክስ»፣ 1773፦ የዕፅዋት አዳኙን ሜዞቲንት ከመግዛትዎ በፊት

አሮጌ የህትመት ምስል በሚሸጥበት ገበያ የእንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ የጆሴፍ ባንክስ ፊት አይጠፋም። ሰውየው ከ1778 ጀምሮ እስከሞተበት እስከ 1820 ድረስ የለንደኑን የሳይንስ ማኅበር ሮያል ሶሳይቲን በፕሬዚዳንትነት ስለመራ፣ በወጣትነቱም በሽምግልናውም ደጋግሞ ተሥሏል። ከብዙዎቹ ሥዕሎችም የህትመት ሰሌዳ ወጥቷል። አብዛኞቹ ግን የሚያሳዩት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሹም ነው። ቅጠል ፍለጋ ዓለምን የዞረውን ባንክስ የሚፈልግ ሰው ማየት ያለበት አንዱን ነው፤ ቤንጃሚን ዌስት የሳለውን ሥዕል ጆን ራፋኤል ስሚዝ ወደ መዳብ ሰሌዳ አዙሮ ኤፕሪል 15 ቀን 1773 ለንደን ላይ ያወጣውን ትልቁን ሜዞቲንት፣ ማለትም ከጥቁር ወደ ነጭ በሚሠራ የመዳብ ሰሌዳ የታተመውን ምስል። ርዕሱ «ሚስተር ባንክስ» ብቻ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።)

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። ጥሩ ቅጂ ከተገኘ፣ በውድም ቢሆን የሚገዛ ነው። የደከመ ቅጂ ከሆነ ግን በርካሽም ይቅር። ችግሩ ሁለቱም አንድ ዓይነት ርዕስ፣ አንድ ዓይነት ቀን፣ አንድ ዓይነት ፊርማ ያላቸው መሆኑ ነው። ሻጩም ሁለቱንም «የ1773 ሜዞቲንት» ብሎ ቢሸጥ ዋሸ አይባልም። ስለዚህ ከዚህ በታች ብዙውን ቦታ የያዘው የቅጂን ጥራት መለየት ነው።

መጀመሪያ ምስሉ። ባንክስ በሐምሌ 1771 ከካፒቴን ኩክ ጋር በኤንዴቨር መርከብ ዓለምን ዞሮ ሲመለስ ገና 28 ዓመቱ ነበር። ከስዊድናዊው ዳንኤል ሶላንደር ጋር ሆኖ 30,000 ያህል የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች ይዞ መጣ፤ ከነሱ ውስጥ 1,400 ገደማ ዝርያዎች ለአውሮፓ ሳይንስ አዲስ ነበሩ። ዌስት የሳለው ያኔ፣ ወሬው በከተማው ሳይበርድ ነው። ባንክስ ሙሉ ቁመናው እየታየ ቆሟል፣ ከእንግሊዝ ልብሱ በላይ የማኦሪ (የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ) ካባ ደርቧል፣ ጨርቁንም በእጁ እያመለከተ ነው። ዙሪያውን ከፓስፊክ ደሴቶች ያመጣቸው ዕቃዎች አሉ፦ የታንኳ መቅዘፊያ፣ ታያሃ የሚባለው ረጅም የማኦሪ የጦር በትር፣ የላባ ራስ ጌጥ። ከእግሩ ሥር ደግሞ የተከፈተ የሥዕል ጥራዝ ተቀምጧል፤ በገጹ ላይ ያለው የኒውዚላንድ ረጅም ቅጠላም ተክል፣ ፎርሚየም ቴናክስ ነው።

የምስሉ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። የካባው ጭረት የተፈተለው ከዚያው ተክል ቅጠል ነው፤ እንደ እኛ ቃጫ ከቅጠሉ ተልጦ የሚወጣ ጠንካራ ጭረት። ሰውየው የለበሰውን ጨርቅ ያሳያል፣ ከእግሩ ሥር ደግሞ ጨርቁ የወጣበት ተክል ተሥሎ ይታያል። በዚያ ዘመን ለመርከብ ገመድና ሸራ የሚሆን ጭረት የመንግሥት ጉዳይ ስለነበር፣ ጣቱ የሚያመለክተው ጌጥ ብቻ አልነበረም። ይህን ያህል ነገር በአንድ ጣት የሚናገር የዕፅዋት ሊቅ ምስል ብዙ አይገኝም።

ከዚህ ጋር ሁልጊዜ የሚወዳደረው ሰር ጆሹዋ ሬይኖልድስ ከሳለው ሥዕል ዊሊያም ዲክንሰን በ1774 ያወጣው ሜዞቲንት ነው። እዚያ ባንክስ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ሉል፣ ከእጁ ሥር ወረቀቶች አሉ። በሥዕሉ ላይ ከወረቀቶቹ በአንዱ «ነገ ደግሞ ሰፊውን ባሕር እንሻገራለን» የሚል የሮማዊው ገጣሚ የሆራስ የላቲን ግጥም ይነበባል። የፊቱ ሕይወት ከዌስቱ ይበልጣል፤ ሬይኖልድስ ፊት መሣል ያውቅበታል። ነገር ግን ከዳር እስከ ዳር ቢፈለግ አንድ ቅጠል የለበትም። ፊቱን የሚፈልግ ዲክንሰንን ይግዛ፤ ሥራውን የሚፈልግ ስሚዝን።

ሦስተኛው አማራጭ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለመጽሐፍ የተሠሩ ትናንሽ ቅርጾች (በሰሌዳ ላይ ተቀርጸው የታተሙ ምስሎች) ናቸው። አብዛኞቹ መነሻቸው ቶማስ ፊሊፕስ የሳለው ሽማግሌው ባንክስ ነው፤ ባዝ የሚባለውን የእንግሊዝ ንጉሣዊ ኒሻን ሪባን አድርጎ በፕሬዚዳንት ወንበር ላይ። ዋጋቸው ዝቅተኛ ነው፤ የብረት ሰሌዳ ቅርጾቹም ሺህ ጊዜ ቢታተሙ ብዙ አይደክሙም። ለቢሮ ግድግዳ መጥፎ አይደሉም፤ ከዚህ በላይ የምንለው ግን የለም።

አንድ የቀን ማጣሪያ እዚሁ እንጨምር። ባንክስ «ሰር» የሚያሰኘውን የባሮኔት ማዕረግ ያገኘው በ1781 ነው፣ የባዝ ኒሻን ያገኘው በ1795 ነው። ከምስሉ ሥር «ሰር» የሚል ማዕረግ ካለ ጽሑፉ ከ1781 በኋላ የተቀረጸ ነው፤ ኒሻን ከታየ ከ1795 ወዲህ ነው። በ1773ቱ ላይ «ሚስተር» የተባለው ሌላ ማዕረግ ስላልነበረው ነው።

አሁን ወደ ሰሌዳው። ሜዞቲንት የሚሠራው ከጥቁር ወደ ነጭ ነው። ሠራተኛው ለስላሳውን መዳብ ሮከር በሚባል ጥርሳም፣ ጠርዙ ክብ በሆነ ብረት በሁሉም አቅጣጫ ደጋግሞ እያወዛወዘ ይወጋዋል። ከያንዳንዱ ጉድጓድ ጠርዝ ደቃቅ የመዳብ ሻካራ ይነሣል፤ ቀለሙን ጨብጦ የሚይዘው ይህ ሻካራ ነው። በዚህ ሁኔታ ቢታተም ሰሌዳው ሙሉ ለሙሉ ከሰል ጥቁር ይወጣል። ከዚያ ብርሃን በሚያስፈልግበት ቦታ ሻካራው በመፋቂያ ይላጣል፣ ይበልጥ ነጭ መሆን ያለበት በማለስለሻ ይወለወላል። ፊት፣ የእጅ ጀርባ፣ የሸሚዝ አንገት የተወለወሉ ናቸው። የካባው ጥላ፣ ፀጉሩና ከኋላው ያለው ጨለማ ደግሞ ያልተነኩ ናቸው ማለት ይቻላል።

ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል። መዳብ ለስላሳ ነው። በያንዳንዱ ህትመት ቀለም ይቀባል፣ ትርፉ በጨርቅ ይጠረጋል፣ ከዚያ ወረቀቱ ተጭኖበት በሮለር ሥር ያልፋል። ሻካራው በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይተኛል። ከአንድ የመዳብ ሜዞቲንት ሰሌዳ እንደ ከፋይ የጠቆረ ቅጂ የሚገኘው ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደርዘኖች፣ ቢበዛ እስከ መቶ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ይወርዳል፣ መካከለኛዎቹ ጥላዎች ይቀላቀላሉ፣ ምስሉ ጭጋግ የወረደበት ይመስላል። ለሜዞቲንት የብረት ሰሌዳ የመጣው በ1820ዎቹ ነው፤ በ1773 ለስሚዝ ያ አማራጭ አልነበረውም።

ስለዚህ ይህን ምስል በእጅ ወይም በጥሩ ፎቶ ሲያዩ ዓይንዎ መጀመሪያ ወደ ፊቱ አይሂድ፤ ፊቱ የተወለወለ ቦታ ስለሆነ በደከመ ቅጂም ደህና ይመስላል። ይልቅ ሦስት ቦታ ይመልከቱ። አንደኛው የካባው እጥፋት ነው፤ በጥሩ ቅጂ በእጥፋቱ ጥልቀት ውስጥ ሌላ ጥቁር ይታያል፣ በደካማው እጥፋቱ አንድ ወጥ ግራጫ ይሆናል። ሁለተኛው የካባው ጠርዝ ላይ ያለው የውሻ ጠጉር ነው፤ ከጨለማው ላይ ተነጥሎ መታየት አለበት። ሦስተኛው ከእግሩ አካባቢ ጥላ ውስጥ ያሉት ዕቃዎችና የተክሉ ሥዕል ናቸው። የተክሉ ቅጠሎች ካልተለዩ ምስሉ ዋና ነገሩን አጥቷል፤ ያን ቅጂ ይተዉት።

አንዳንዴ ደግሞ የደከመ ሰሌዳ እንደገና ይነካካል። የተኛው ቦታ በሮከር ደግሞ ይወጋል፣ ጥላው በመርፌ መሰመር ይደምቃል። በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ሲታይ የተደገመው ቦታ ጎላ ጎላ ያሉ ጥርሶች ይኖሩታል፤ አጠገቡ ያለው የመጀመሪያው ሥራ ደቃቅ ነው። የሁለቱ ወሰን ከታየ ሰሌዳው ዕረፍት የሌለው ሕይወት አሳልፏል ማለት ነው።

አጉሊ መነጽሩ ለሌላም ያገለግላል። እውነተኛ ሜዞቲንት በ10 እጥፍ ሲታይ መስመር የለውም፤ ጠርዙ የፈዘዘ፣ በተሻጋሪ አቅጣጫ የተወጋ ደቃቅ ነጥብ ነው የሚታየው፣ ቀለሙም ከወረቀቱ ላይ ትንሽ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ይመስላል። በአበባ ቅርጽ የተሰበሰቡ ባለ ቀለም ነጥቦች ከታዩ ኦፍሴት የሚባለው የዘመናችን የማተሚያ ቤት ህትመት ነው። ትል የሄደበት የሚመስል የተጠማዘዘ ስንጥቅጥቅ ካለ ኮሎታይፕ ነው፤ ይህ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ የመጣ የፎቶ ህትመት ስለሆነ ወረቀቱ ሲያረጅ ያሳስታል። አንድ ወጥ የሆነ የካሬ መረብ ከታየ ፎቶግራቪየር የሚባለው ሌላው የፎቶ ህትመት ሊሆን ይችላል። ሁሉም ከሩቅ ሜዞቲንት ይመስላሉ፤ በተለይ ከመስታወት ጀርባ።

የመዳብ ሰሌዳ በወረቀት ላይ የሚተወው አሻራም ይመረመራል። ሰሌዳው ወረቀቱን ስለሚጫነው ዙሪያውን የተሰመጠ ጠርዝ ይቀራል፣ ማዕዘኖቹ ትንሽ ክብ ያሉ ናቸው፣ ከአሻራው ውስጥ ያለው ወረቀት ከውጭው ይልቅ የለሰለሰና የተጨመቀ ነው። የሐሰት አሻራ ብዙ ጊዜ ማዕዘኑ ሹል ነው፣ ከውስጥም ከውጭም ወረቀቱ አንድ ዓይነት ሻካራ ነው። ይህን ለማየት ከላይ የሚወርድ ብርሃን አይጠቅምም፤ መብራት ከጎን፣ ከጠረጴዛው ጋር እኩል ሊሆን ምንም ሳይቀረው ዝቅ ተደርጎ ይያዝ። የዚህ ምስል ሰሌዳ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ 38 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለሽያጭ የቀረበው ምስል በሚታይ ሁኔታ ካነሰ፣ ወይ ተቆርጧል ወይ ሌላ ሰሌዳ ነው።

ወረቀቱ ደግሞ ስለ ህትመቱ ዕድሜ ከሁሉም በላይ ይናገራል። ከምስሉ ሥር የተቀረጸው ቀን ሰሌዳው የወጣበት ቀን እንጂ ያ ወረቀት የታተመበት ቀን አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ በ1735 የወጣው የቅርጽ ሥራ የባለቤትነት ሕግ፣ የባለቤቱ ስምና የወጣበት ቀን በየሰሌዳው ላይ እንዲጻፍ ስላዘዘ ነው ጽሑፉ ያለው። ሰሌዳው ከ30 ዓመት በኋላ ቢታተምም ያው 1773 ይዞ ይወጣል። ብዙ ገዢ የሚታለለው እዚህ ነው።

ወረቀቱን ለብርሃን ከፍ አድርገው ከጀርባው ይመልከቱ፤ ሻጩ ሩቅ ከሆነ በዚህ መልክ ፎቶ እንዲያነሣ ይጠይቁ። በ1773 የታተመ ቅጂ ብዙውን ጊዜ ሌይድ በሚባለው ወረቀት ላይ ነው፤ ለብርሃን ሲያዝ የተጠጋጉ ደቃቅ መስመሮችና በ2.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ልዩነት የሚያቋርጡ ሰንሰለት መስመሮች ይታያሉ። ዎቭ የሚባለው መስመር የሌለው ወረቀት ከ1750ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቢኖርም በስፋት የገባው ወደ ክፍለ ዘመኑ ማብቂያ ነው፤ ዎቭ ላይ የታተመ «የ1773» ምስል ቢያንስ ጥያቄ ይነሣበት። የውሃ ምልክት ካለ ደግሞ ነገሩ ያልቃል። ከ1794 ጀምሮ የእንግሊዝ ወረቀት ሠሪዎች ዓመቱን በውሃ ምልክቱ ላይ ማስገባት ስለለመዱ፣ በወረቀቱ ውስጥ 1794 ወይም ከዚያ በኋላ ያለ ዓመት ከታየ ቅጂው ዘግይቶ የታተመ ነው።

ከምስሉ ሥር ስለሚነበቡት የላቲን ቃላት አጭር መመሪያ ይበቃል፤ «ፒንክሲት» የሚለው ከሠዓሊው ስም ጋር፣ «ፌሲት» የሚለው ሰሌዳውን ከሠራው ስም ጋር ይሄዳል። ስሚዝ ይህን ሲሠራ ገና 22 ዓመት አካባቢ የነበረ የደርቢ ልጅ ነው፣ በኋላ ለዌልስ ልዑል የሜዞቲንት ሠራተኛ ተብሎ ተሾሟል። ነጋዴዎች በመግለጫቸው ላይ «ቻሎነር ስሚዝ» ብለው ቁጥር ሲጽፉ ግን ሌላ ሰው ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝን የሜዞቲንት ምስሎች ከነደረጃቸው (ሰሌዳው በተለወጠ ቁጥር ከሚታተመው ዓይነት ጋር) የመዘገበ ሰው ነው። መግለጫ ላይ ያ ቁጥርና የሰሌዳው ደረጃ ከተጻፈ ነጋዴው ሥራውን አውቆ ነው የሚሸጠው። ካልተጻፈ ይጠይቁ። ለማነጻጸርም የብሪቲሽ ሙዚየምና የለንደኑ ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ ስብስባቸውን በኢንተርኔት ስላስቀመጡ፣ የሚሸጠውን ፎቶ ከነሱ ጎን አድርጎ ጽሑፉን ፊደል በፊደል ማስተያየት ይቻላል።

ስለ ጉዳት ስንናገር ከሁሉም የሚበዛው መቆረጥ ነው። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰብሳቢዎች ሜዞቲንትን እስከ ሰሌዳው አሻራ ድረስ እየቆረጡ በጥራዝ ላይ ይለጥፉ ነበር፤ ስለዚህ ህዳግ ያለው ቅጂ ብርቅ ነው። እስከ አሻራው ተቆርጦ ጽሑፉ ሙሉ ከሆነ እንቀበለዋለን። ርዕሱና የወጣበት መስመር የተቆረጠ ከሆነ ግን ዋጋው በብዙ መውረድ አለበት፤ ምስሉ ቢያምርም ማንነቱን የሚያስረዳለት ጽሑፍ የለውም። አሻራው የማይታይ ከሆነም «ህዳጉ ጠባብ ነው» የሚለው የሻጭ ቋንቋ ነው፤ ተቆርጧል ማለት ነው።

ሁለተኛው የገጽ መፋቅ ነው። የሜዞቲንት ጥቁር ከወረቀቱ በላይ የተቀመጠ ስለሆነ እጅጌ ሲነካው፣ ሌላ ወረቀት ሲንሸራተትበት፣ ጥቅል ሆኖ ሲቀመጥ ይላጣል። ከጎን በሚመጣ ብርሃን ጥቁሩ ላይ የሚያብለጨልጭ ወይም ነጣ ያለ ጭረት ይታያል። አንዳንድ ሻጮች ጭረቱን በቀለም እርሳስ ይሸፍኑታል፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ የእርሳሱ መስመር ይለያል፣ ቀለሙም ይብለጨለጫል። ይህ ጉዳት አይመለስም። ቡናማ ነጠብጣብ ግን ያን ያህል አያስፈራ፤ ጥቂት ከሆነና ፊቱ ላይ ካልወደቀ የወረቀት ጥገና ባለሙያ ሊያቀልለው ይችላል። በቤት ውስጥ በላጲስ፣ በዳቦ ወይም በውሃ ለማጽዳት መሞከር ግን ሜዞቲንት መግደል ነው።

የፓስፓርቱ (በፍሬም ውስጥ ምስሉን የሚከብ፣ መሃሉ እንደ መስኮት የተቆረጠ ካርቶን) ቃጠሎ የሚባለውም አለ። ርካሽ ካርቶን አሲድ ስለሚያመነጭ በመስኮቱ ጠርዝ ልክ ቡናማ መስመር ወረቀቱ ላይ ይተዋል። ጀርባው ላይ የእንጨት ጉብታና ጅማት የሚመስል ቡናማ ምልክት ካለ ደግሞ ለዓመታት ከጣውላ ጋር ተጣብቆ ኖሯል። ስለዚህ በፍሬም የሚሸጥ ምስል ከፍሬም ሳይወጣ አይገዛ። ሻጩ «ፍሬሙ የጥንት ነው፣ አንከፍተውም» ካለ፣ የሚሸጠው ፍሬም ነው።

ቀለም የተቀባ ቅጂ ቢያጋጥምስ? ይህ ምስል የወጣው በጥቁር ነው። የሳሳ የውሃ ቀለም ከተቀባበት አብዛኛውን ጊዜ በኋላ ዘመን ለግድግዳ እንዲስማማ የተጨመረ ነው፣ ብዙ ጊዜም ደከም ያለ ቅጂን ለማስጌጥ። ለኛ ዋጋ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ከተገዛ በኋላ ያለው ወጪ በግዢው ሂሳብ ውስጥ ይግባ፤ ምስሉ ትልቅ ነው። በየጎኑ 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር ፓስፓርቱ ሲጨመርበት ፍሬሙ ወደ 76 በ54 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ፓስፓርቱው ከአሲድ ነፃ የጥጥ ካርቶን ይሁን፤ ውፍረቱ ቢቻል 3 ሚሊ ሜትር፣ ምክንያቱም መስታወቱ ምስሉን መንካት የለበትም። እርጥበት ሲገባ የሜዞቲንት ቀለም ከመስታወት ጋር ይጣበቃል፣ ሲላቀቅ ጥቁሩ አብሮ ይሄዳል። ምስሉ የሚያያዘው ከላይ በሁለት ቦታ ብቻ ነው፣ በቀጭን የጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ሙጫ። በውሃ የሚላቀቅ መሆን አለበት። በሙቀት ማጣበቂያ ከካርቶን ጋር ሙሉ ለሙሉ የሚለጥፍ ፍሬም ሠሪ ካጋጠመ አመስግነው ይውጡ። ፕላስተርም እንዲሁ ነው፤ ሙጫው በጥቂት ዓመት ቢጫ ሆኖ ወደ ፊት ይዘልቃል።

ጥቁሩ ቀለም የከሰል ስለሆነ በብርሃን አይደበዝዝም፤ የሚጎዳው ወረቀቱ ነው። ለወረቀት ሥራ ሙዚየሞች የሚጠቀሙበት ልክ 50 ሉክስ ነው፤ አንድ መጠነኛ መብራት ከራቅ ብሎ ማለት ነው። ችግሩ ይህ ምስል ጥቁር ስለሚበዛበት በ50 ሉክስ ብዙ ነገሩ ይደበቃል። ትልቁ ድክመቱ ይሄ ነው፣ ቸርነት የለውም፤ ሊያዩት ቀርበው መቆም አለብዎት። አልትራቫዮሌት የሚያስቀር መስታወት ማስገባት፣ መብራቱን ሲታይ ብቻ ማብራት ይሻላል። አዲስ አበባ ላይ ለሚሰቅል ደግሞ ከፍታው የፀሐዩን አልትራቫዮሌት ያበረታዋል፣ ክረምት ሲገባ የውጭ ግድግዳ ይረጥባል። በመስኮት ፊት ለፊትም በውጭ ግድግዳም ላይ አይሰቀል፤ ከፍሬሙ ጀርባ በታችኛው ማዕዘን ሁለት የቡሽ ቁራጭ ተለጥፎ አየር ይግባ። ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ከሆነ የፍሬሙ ጀርባ በወረቀት ቴፕ ይታሸግ፤ ጭሱ በስንጥቅ ይገባል።

መላኩ ላይ ነጋዴዎች የሚለያዩበት አንድ ነገር አለ። ይህን የሚያክል ወረቀት በቱቦ ጠቅልሎ መላክ ይቀላል፣ ሜዞቲንት ግን መጠቅለልን አይወድም። ጥቁሩ ይሰነጠቃል ወይም ይፋቃል። ከመክፈልዎ በፊት «በጠፍጣፋ ነው የምትልኩት?» ብለው ይጠይቁ። ከአሲድ ነፃ ወረቀት ከፊቱ ይቀመጥ እንጂ አይንሸራተትበት፤ ሁለት ጠንካራ ካርቶን፣ የአንዱ ጅማት ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ጎን ሆኖ ይታሰር። በጉምሩክ ወረቀት ላይም «ፖስተር» ተብሎ እንዳይጻፍ፤ በዓለም አቀፉ የጉምሩክ መደብ ቁጥር 97.02 ኦሪጅናል ቅርጾችና ህትመቶች የሚመደቡበት ነው፣ ዓመቱም ከጎኑ ይጻፍ።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ምስል ጎኑ የሚሰቀል ጓደኛ አለው። ባንክስ በ1770 አውስትራሊያ ውስጥ ቦታኒ ቤይ ላይ ቅጠል ሲለቅም ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በጎንደር አካባቢ ነበር። ብሩስ የጉዞ መጽሐፉን በ1790 ሲያወጣ ኮሶን በባንክስ ስም ባንክሲያ አቢሲኒካ ብሎ ሰየመው። ስሙ ግን አልቆየም፤ ባንክሲያ የሚለው በ1782 ለአውስትራሊያ ዕፅዋት ተሰጥቶ ነበርና ጀርመናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ግሜሊን በ1791 ኮሶን ሀጌኒያ አቢሲኒካ አለው፤ እስከ ዛሬም የምናውቀው በዚሁ ነው። የዕፅዋት ሥዕሎቹን የሳለው አብሮት የነበረው ጣልያናዊው ሉዊጂ ባሉጋኒ ነው፣ ጎንደር ላይ ነው የሞተው።

የኮሶው ቅርጽ ከዚያ መጽሐፍ አምስተኛ ጥራዝ ተቀዶ በየብቻው ይሸጣል። መጠኑ የኳርቶ (አንድ ትልቅ ወረቀት አራት ታጥፎ የሚወጣ) የመጽሐፍ ገጽ ስለሆነ ከባንክስ ጎን በአንድ ፍሬም አይሆንም፤ ለብቻው ተመሳሳይ ፓስፓርቱ ተሠርቶለት ከአጠገቡ ይሰቀል። በመስመር የተቀረጸ እንጂ ሜዞቲንት ስላልሆነ በአጉሊ መነጽር መስመር መታየት አለበት፣ በግራ ጠርዙ ከጥራዙ የተላቀቀበት የመርፌ ቀዳዳ ወይም የተቆረጠ ጠርዝ ይኖረዋል። ከፊቱ ከነበረው ገጽ የተላለፈ ቡናማ የጽሑፍ ጥላም ሊታይበት ይችላል፤ ጥላው ቅጠሎቹን ካልሸፈነ አያስመልስም።